ረጅም አፈሙዝ ያለው የዒላማ ሽጉጥ በብሪታንያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በብሪታንያ የዒላማ ተኩስ ክበብ ገብተው የራሳቸውን ሽጉጥ ለመምረጥ የሚያስቡ ወገኖች ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብሪታንያ ውስጥ ሽጉጥ ክልክል አይደለም እንዴ?

ከሞላ ጎደል ክልክል ነው። ማርች 13 ቀን 1996 አንድ ሰው በስኮትላንድ ደንብሌን ከተማ ወደሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና አንዲት መምህርት ገደለ። ሽጉጦቹን የያዘው በሕጋዊ ፈቃድ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሁለት ማሻሻያ ሕጎች ተከታትለው ወጡ፤ በጆን ሜጀር መንግሥት ጊዜ የወጣው ከ.22 ካሊበር (ካሊበር የአፈሙዙ ውስጣዊ ስፋት ነው፤ እዚህ በኢንች) ከፍ ያሉትን ሽጉጦች ከለከለ፣ በቶኒ ብሌር መንግሥት ጊዜ የወጣው ደግሞ .22ንም ጨመረ። ወደዚህ ስፖርት የሚገባ ሰው ይህን ታሪክ አስቀድሞ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ፖሊስ ለምን ያን ያህል እንደሚጠይቅ፣ የክበብ ኃላፊዎችም ለምን ያን ያህል እንደሚጠነቀቁ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ሕጉ ግን የከለከለው «ሽጉጥ» የሚለውን ስም አይደለም፤ መጠንን ነው። አፈሙዙ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያነሰ መሣሪያ የተከለከለ ነው፤ የአየር መሣሪያ፣ በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስና የምልክት መተኮሻ ሲቀሩ። ሁለቱንም ልኬቶች የሚያሟላ ሽጉጥ በፖሊስ የጦር መሣሪያ ሰርተፊኬት ሊያዝ ይችላል። «ረጅም አፈሙዝ ያለው ሽጉጥ» የሚባለው ይኸው ነው።

ከኋላው የተተከለው ዘንግ ምንድን ነው?

አፈሙዙ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆንም እጀታውና ሌላው አካል ተደምሮ 60 አይሞላም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከእጀታው ጀርባ ወደ ኋላ የሚዘረጋ የብረት ዘንግ ይተክላሉ። ሲተኮስ ዘንጉ ከክንዱ ጎን ለጎን ይተኛል። መጀመሪያ ያየው ሰው ሁሉ ግር ይለዋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ዓይን ይለምደዋል።

ዘንጉ ቋሚ መሆን አለበት። የሚታጠፍ፣ የሚወልቅ ወይም የሚገባና የሚወጣ ሰደፍ በልኬቱ ውስጥ አይቆጠርም፤ ሕጉ ይህን በግልጽ ይናገራል።

ማን ሊይዝ ይችላል? ከየትስ ይጀመራል?

የሚጀመረው ከክበብ ነው፤ ከመደብር ከጀመሩ በከንቱ ይደክማሉ። ለዒላማ ተኩስ ሰርተፊኬት የሚሰጠው በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እውቅና ባለው ክበብ ሙሉ አባል ለሆነ ሰው ነው። ሙሉ አባል ለመሆን ቢያንስ 3 ወር የሙከራ ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ አዘውትሮ መገኘትና መተኮስ ግዴታ ነው። በክበቡ ሜዳ በክበቡ መሣሪያ ለመተኮስ የራስ ሰርተፊኬት አያስፈልግም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ገንዘብ ሳያወጡ የተለያዩ መሣሪያዎችን እጅዎ ውስጥ አስገብተው ይፈትሻሉ።

ከዚያ ማመልከቻው ለፖሊስ ይገባል። ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ ቢያንስ ለ2 ዓመት የሚያውቁዎት፣ ብሪታንያ የሚኖሩ፣ ቤተሰብ ያልሆኑ። አገሩን በቅርብ የረገጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነውና ቀደም ብሎ ማሰብ ይበጃል። ከሐኪምዎ የጤና መረጃ ይጠየቃል፤ ፖሊስም ቤት ድረስ መጥቶ ያነጋግራል። 3 ዓመትና ከዚያ በላይ የተፈረደበት ሰው ለሁልጊዜ ይከለከላል። ሰርተፊኬቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ የመጀመሪያው ክፍያ 198 ፓውንድ ሆኗል።

ፖሊስ «ለምን ፈለግህ?» ሲል ምን ይመለሳል?

እውነቱ ይመለሳል፤ እውነቱም የዒላማ ተኩስ ካልሆነ ማመልከት አይገባም። እኛ ያደግነው መሣሪያ የቤት ክብር፣ የአባት ውርስ፣ የራስ መጠበቂያ በሆነበት አገር ነው። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ሲናገር ምንም ክፋት አይታየውም። በብሪታንያ ግን ራስን መከላከል በቂ ምክንያት ተደርጎ አይቆጠርም። «ለቤቴም ይሆነኛል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ማመልከቻውን ታበላሻለች።

የሚረዳው ተጨባጭ ነገር ነው፦ በየትኛው ክበብ እንደሚተኩሱ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚሄዱ፣ በየትኛው ውድድር ለመሳተፍ እንደሚፈልጉ። ሰርተፊኬቱ ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ በዓይነቱና በካሊበሩ ይጻፋል፤ የጥይቱም ቁጥር ተወስኖ ይሰፍራል። ስለዚህ ምርጫው ከማመልከቻው በፊት መጠናቀቅ አለበት።

ሪቮልቨር ይሻላል ወይስ በራሱ የሚያጎርስ ሽጉጥ?

በራሱ የሚያጎርሰው፣ ማለትም ካዝና ያለው፣ በ.22 ብቻ ነው የሚገኘው። በ1987 በእንግሊዝ ሃንገርፎርድ ከተማ ከተፈጸመው ግድያ በኋላ በ1988 የወጣው ሕግ፣ ከቀለሁ ጠርዝ ከሚቀጣጠለው .22 በስተቀር፣ በራሳቸው የሚያጎርሱ ባለ ጠመዝማዛ አፈሙዝ መሣሪያዎችን ከልክሏል። ሪቮልቨር ግን ጥይቶቹ የሚገቡበት ተሽከርካሪ ክፍል፣ ሲሊንደሩ፣ የሚዞረው በተኳሹ ጣት ወይም አውራ ጣት ጉልበት ስለሆነ በዚህ ክልከላ ውስጥ አይወድቅም፤ በ.22ም፣ በ.357ም፣ በ.44ም ይገኛል።

ለጀማሪ የእኔ ምክር .22 ነው። ጥይቱ ከትልልቆቹ በብዙ እጥፍ ይረክሳል፣ ወደ ኋላ ብዙም አይገፋም፣ ድምፁም ከትልልቆቹ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ወዲያው ይታያል። ምላጩን ሲስቡ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ የመሣሪያው ድምፅ አይሸፍንልዎትም። በገበያው ከሚታወቁት የብራውኒንግ ባክ ማርክ ረጅሙ ዓይነት ይገኝበታል። ሪቮልቨር የሚወዱ ደግሞ በቼክ የሚሠራውን አልፋ፣ በብራዚል የሚሠራውን ታውረስ ያዩታል። የድሮውን ቅርጽ ለሚወድ በጣሊያን የሚሠራው ኡበርቲ አለ።

የአፈሙዙ መርዘም ጥቅም አለው ወይስ ሕግ ያመጣው ጣጣ ብቻ ነው?

ሁለቱም ነው። ጥቅሙ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያ መካከል ያለው ርቀት ነው። የፊት ማነጣጠሪያው ከቦታው 1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍና በሁለቱ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ቢኖር፣ በ25 ሜትር ላይ ጥይቱ 167 ሚሊ ሜትር ያህል ይስታል። ርቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስሕተቱ ወደ 62 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የመጀመሪያው ከጥቁሩ ክብ ሊያወጣ ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ ያስቀራል።

ጉዳቱ ክብደቱ ወደ ፊት መውደቁ ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ባለ .357 ሪቮልቨሮች ብዙ ጊዜ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናሉ፤ ሚዛኑም እጅ ላይ ሳይሆን ከእጅ ወዲያ ነው። ቤት ውስጥ ባለ አንድ ሊትር ተኩል የውኃ ጠርሙስ ሞልተው፣ አንገቱን ይዘው፣ ክንድዎን ዘርግተው ለአንድ ደቂቃ ይቁሙ። በሠላሳኛው ሰከንድ ትከሻዎ የሚነግርዎትን ያዳምጡ። ከዚያ በእንግሊዝ ባለው ታዋቂ የተኩስ ሜዳ፣ በቢስሊ፣ ከሚካሄዱት ውድድሮች አንዱ፣ «1500» የሚባለው፣ 150 ጥይት እንደሚያስተኩስ ያስቡ።

እኔ የመጀመሪያውን ሪቮልቨር የመረጥኩት በዓይኔ ነበር። .44፣ ከባድ፣ የሚያንጸባርቅ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጥይቶች ወረቀቱ ላይ አንድ እፍኝ በማይሞላ ቦታ ገቡ፤ ልቤም ሞላ። ከሠላሳኛው በኋላ የፊት ማነጣጠሪያው እንደ ንብ ይዞር ጀመር፤ የመጨረሻዎቹ ቀዳዳዎች ከዒላማው ግርጌ ተደርድረው ተገኙ፤ ክንዴ ሲዝል አፈሙዙ ወደ መሬት እየወረደ ነበርና። ዓመት ሳይሞላው ሸጥኩት። ስለዚህ ማንም ሲጠይቀኝ «በስድስተኛው ጥይት አትወስኑ፤ በስልሳኛው ወስኑ» እላለሁ።

ባለ .357 ሪቮልቨር .38 ይተኩሳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። .38 ስፔሻልና .357 ማግነም የእርሳሳቸው ውፍረት አንድ ነው፤ የማግነሙ ቀለህ በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የተረዘመውም ሆን ተብሎ ነው፦ ኃይለኛው ጥይት ለ.38 በተሠራው ደካማ ሲሊንደር ውስጥ እንዳይገባ። ስለዚህ .357 የተባለው ሁለቱንም ይቀበላል፤ .38 የተባለው ግን ማግነምን አይቀበልም። ለወረቀት ዒላማ .38 ከበቂ በላይ ነው፤ ግፊቱም ለስላሳ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። .38 ብዙ ጊዜ ሲተኮስ፣ አጭሩ ቀለህ ከሚያበቃበት ወዲያ የባሩድና የእርሳስ ጥቀርሻ እንደ ቀለበት ይጋገራል። ከዚያ .357 ሲያጎርሱ አልገባ ይላል፤ ወይም ገብቶ አልወጣ ይላል። በየተኩሱ ማብቂያ ስድስቱንም ወይም ሰባቱንም ጉድጓዶች በናስ ብሩሽ መፈተግ ነው መፍትሔው። ሌላ ነገር፣ ሁለቱም ጥይቶች ሰርተፊኬትዎ ላይ መጻፋቸውን ያረጋግጡ።

ሲገዙ ምን ምን ይታያል? ያገለገለ ቢገዛስ?

ያገለገለ መግዛት አያሳፍርም፤ እንዲያውም በደንብ የተያዘ አሮጌ ከርካሽ አዲስ ይበልጣል። ባዶ መሆኑን ሻጩም እርስዎም ካያችሁ በኋላ፣ መዶሻውን በዝግታ ወደ ኋላ ይሳቡና ሲሊንደሩ መዶሻው ከመቆሙ በፊት ቦታው ላይ ተቆልፎ እንደሆነ ያዳምጡ፤ አጭርና ንጹሕ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሊኖረው ይገባል። ከዚያ ሲሊንደሩን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ይነቅንቁት። ትንሽ መላወስ የተለመደ ነው፤ መንቀጥቀጥ ግን አይደለም። በየጉድጓዱ ይድገሙት፤ አንዱ ብቻ የሚሰንፍበት ጊዜ አለ። የአፈሙዙን ጫፍ በብርሃን ይዩት፤ እዚያ ያለች ጥቂት ቁስል እርሳሱን ከመስመሩ ታወጣዋለች።

ምላጩ እንደ መስታወት ስብራት ቁርጥ ማለት አለበት፤ የሚጎተትና የሚንቀረፈፍ ምላጭ የማንንም ዒላማ ያበላሻል። በባዶ ለመሞከር የሻጩን ፈቃድ ይጠይቁ፤ በተለይ ብዙ .22ዎች በባዶ ሲመቱ ጠርዛቸው ይጎዳል። እጀታው ለእጅዎ መጠን ይሁን። ጠባብ እጅ ያለው ሰው ወፍራም እጀታ ሲይዝ ጣቱ ምላጩን በጎን ይገፋዋል፤ ጥይቶቹም ሁሉ በአንድ ወገን ያርፋሉ። በመጨረሻ የኋላው ዘንግ ጠንክሮ መተከሉን ያረጋግጡ፤ ጠቅላላው ርዝመትም በሜትር ይለካ። «60 ነው ብለውኛል» ማለት ፍርድ ቤት አያድንም።

ሲተኮስ የሪቮልቨር የተለየ አደጋ አለው?

አለው። በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ወረቀት የምታህል ክፍተት አለች፤ ጥይቱ በተቀጣጠለ ቁጥር የጋለ ጋዝና የእርሳስ ብናኝ በጎን ይወጣባታል። ረጅሙ አፈሙዝ ደግሞ «በግራ እጅህ ደግፈኝ» የሚል ይመስላል፤ ጠብመንጃ የለመደ ሰው እጁን ሳያስበው ወደ ፊት ይሰዳል። አንድ አዲስ አባል የሹራቡ እጅጌ በዚህ ሲጠቁር አይቻለሁ፤ ሥጋው ላይ ቢሆን ኖሮ ቀላል አይሆንም ነበር። ሁለቱም እጆች ከሲሊንደሩ በስተኋላ ይሁኑ። መነጽርና የጆሮ መከላከያ በተመልካቹም ላይ ይኖራሉ።

ዘንግ የሌለው ሪቮልቨር የሚተኩሱ ሰዎች አይቻለሁ፤ እንዴት ተፈቀደላቸው?

ያዩት በፊት በኩል የሚጎርስ ይሆናል። እርሳሱና ባሩዱ ከሲሊንደሩ ፊት እየተጨመሩ የሚጠቀጠቁበት፣ ቀለህ የሌለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሠራር ነው፤ ከርዝመት ሕጉ ነጻ ነው። ሰርተፊኬት ግን ያስፈልገዋል። ጥቁር ባሩድ ለመግዛትና ለማስቀመጥ ደግሞ ሌላ የፈንጂ ቁሳቁስ ሰርተፊኬት ከፖሊስ ይወጣል። ሚዛኑ ማለፊያ ነው፤ እጅ ላይ እንደ ድሮ ሽጉጥ ይቀመጣል። የ1858ቱ ሬሚንግተን ቅጂና አሁን የማይሠራው ሩገር ኦልድ አርሚ በክበቦች ይወደዳሉ።

ሥራው ግን ብዙ ነው። ስድስት ጥይት ለማጉረስ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ከእያንዳንዱ እርሳስ ፊት ቅባት መቀባት አለበት፤ አለዚያ የአንዱ እሳት ወደ ጎረቤቱ ሊዘል ይችላል። ማታ ደግሞ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፤ የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ ብረትን በአንድ ሌሊት ማዛግ ይጀምራልና። እርጋታ ለሚወድ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ቅዳሜ የለም።

ከልጆችና ከቤተሰብ ጋር እኖራለሁ፤ ቤት ውስጥ እንዴት ይቀመጣል?

ግድግዳ ላይ በታሰረ የብረት ሣጥን፤ ጥይቱ ለብቻው ተቆልፎ። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቀው ባለ ሰርተፊኬቱ ብቻ ነው። የትዳር ጓደኛም ማወቅ የለበትም። በእኛ ቤት ባህል ይህ እንደ አለመተማመን ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል። እንግዳ ሲመጣ ማሳየትም አይገባም፤ ቤቱ ውስጥ መሣሪያ እንዳለ ያወቀ ሰው በበዛ ቁጥር ቤቱ አደጋ ውስጥ ነው።

ዘንጉን ለጊዜው ባወልቀውስ? ለመጠገን ለምሳሌ?

አያውልቁት። ዘንጉ በወለቀበት ቅጽበት በእጅዎ ያለው መሣሪያ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ማለትም የተከለከለ መሣሪያ ነው፤ ሰርተፊኬትዎ አይሸፍነውም። የተከለከለ ሽጉጥ ይዞ መገኘት ለአዋቂ ሰው ዝቅተኛው ቅጣት 5 ዓመት እስራት ነው፤ ዳኛው ከዚያ በታች የሚወርደው በጣም ልዩ በሆነ ሁኔታ ብቻ ነው። አፈሙዙን ማሳጠርም እንደዚያው። ዘንጉ ከላላ መሣሪያውን እንዳለ ለፈቃድ ላለው ነጋዴ ያስረክቡ።

በሰሜን አየርላንድ አጭር ሽጉጥ ይፈቀዳል ሲባል ሰምቻለሁ። እዚያ ገዝቼ ማምጣት እችላለሁ?

የሰሙት ትክክል ነው፤ የ1997ቱ ክልከላ ሰሜን አየርላንድን አይመለከትም። ወደ እንግሊዝ፣ ዌልስ ወይም ስኮትላንድ ይዞ መሻገር ግን ወንጀል ነው። በ2002 የማንቸስተር የኮመንዌልዝ ጨዋታዎችና በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የሽጉጥ ውድድር የተካሄደው መንግሥት ልዩ ፈቃድ ስለሰጠ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ ስመለስ ይዤው ልሂድ?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አገር ቤት ገብተው ለመኖር ያሰቡ። መልሴ አንድ ነው፦ አይያዙት። ከብሪታንያ ለማውጣት የወጪ ንግድ ፈቃድ ይፈልጋል፤ በኢትዮጵያ በኩልም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል። በሻንጣ ውስጥ የተገኘ ሽጉጥ «የስፖርት ነው» ተብሎ አያልፍም።

ከመጓዝዎ በፊት ፈቃድ ላለው ነጋዴ ወይም የራሱ ሰርተፊኬት ይህን ዓይነት ሽጉጥ መግዛት ለሚፈቅድለት የክበብ ጓደኛ ይሽጡት። ዝውውሩ ፊት ለፊት፣ እጅ በእጅ ይደረግ፤ በ7 ቀን ውስጥም ለፖሊስ በጽሑፍ ያሳውቁ። የገዛው ሰው ለስልሳኛው ጥይት የሚሆን ክንድ እንዳለው ቢጠይቁት ደግሞ ውለታ ውለውለታል።